የአዲስ አበባ ተማሪ ምሳ ዕቃ

ምሳ ዕቃ የአዲስ አበባ ተማሪ ምሳውን ከቤት ይዞ የሚወጣበት ክዳን ያለው ዕቃ ነው። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ በብዛት የሚታየው በአልሙኒየም ወይም በማይዝግ ብረት የተሠራ፣ ክብ ወይም ሞላላ፣ ክዳኑ በግራና በቀኝ በሽቦ ማያያዣ የሚጠብቅ ነበር። ሁለትና ሦስት ሳህን ተደራርቦ በአንድ ማንጠልጠያ የሚያዘው ዓይነት ደግሞ እህትና ወንድም አንድ ትምህርት ቤት ለሚውሉበት ቤት ይመች ነበር፤ ታላቁ ይሸከመዋል፣ በምሳ ሰዓት ታናሹ ፈልጎት ይመጣል። የአንዱ ልጅ ዕቃ ከሌላው ስለሚመሳሰል ሥሩ ላይ ስም በምስማር ተጭሮ ወይም በታላቅ እህት የጥፍር ቀለም ተጽፎ ይገኝ ነበር። ዕቃው በዳንቴል በተሠራ ወይም ካረጀ ጨርቅ በተሰፋ ከረጢት ይገባል፤ ከጎኑ የውኃ ኮዳ ይንጠለጠላል። ማንኪያ ቢጠፋ ይታለፋል። ክዳን ከጠፋ ግን ዕቃው ሁሉ ከንቱ ስለሚሆን፣ የጠፋ ክዳን በብዙ ቤት የማታ ቁጣ ምክንያት ነበር።

ተማሪ ስንቁን ማሰቡ ከዘመናዊ ትምህርት ቤት በፊትም የነበረ ነው። በጎጃም፣ በጎንደርና በወሎ የአብነት ትምህርት ቤቶች የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን ይዞ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ከደጅ ደጅ ይዞራል። ያገኘውን ቁራሽ ከጓደኞቹ ቁራሽ ጋር ያቀላቅለዋል፤ የተረፈውን ፀሐይ ላይ አስጥቶ ድርቆሽ ያደርገዋል። ምግቡ ከሰፈሩ ሰው እጅ የሚመጣ ስለነበር፣ የተማሪው ጤናም ሆነ ረሃብ የሰፈሩ ጉዳይ ነበር። ከተማ ውስጥ እንደ ተፈሪ መኮንንና ጄኔራል ዊንጌት ያሉት ትምህርት ቤቶች አዳሪ ተማሪዎች ሲኖሯቸው፣ እነዚያ ልጆች ከትምህርት ቤቱ ወጥ ቤት ይበሉ ነበር። ምሳ ዕቃ የመጣው ከእነዚህ ከሁለቱም ውጭ ለሆነው፣ ማለትም ጠዋት ከቤቱ ወጥቶ ማታ ወደ ቤቱ ለሚመለሰው ተመላላሽ ተማሪ ነው።

ተመላላሽ ሁሉ ግን ምሳ ዕቃ አልያዘም። በደርግ ዘመን የተማሪው ቁጥር ከመማሪያ ክፍሉ በላይ ስለሆነ አብዛኛው የመንግሥት ትምህርት ቤት በሁለት ፈረቃ ያስተምር ነበር። የጠዋቱ ፈረቃ ተማሪ ስድስት ሰዓት ገደማ ወጥቶ ቤቱ ይበላል፤ የከሰዓቱ በልቶ ይመጣል። ስለዚህ ምሳ ዕቃ በብዛት የሚታየው ሙሉ ቀን በሚያስተምሩት በሚሽንና በሕዝብ ትምህርት ቤቶች ሲሆን፣ ከ1980ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ደግሞ እንደገና በተስፋፉት የግል ትምህርት ቤቶች ነው። ሰፈሩ ውስጥ ምሳ ዕቃ ይዞ የሚወጣ ልጅ ቤተሰቡ ከፍሎ እንደሚያስተምረው በዚያው ይታወቅ ነበር። ዕቃው የኑሮ ምልክት የሆነው ገና ሳይከፈት ነው፤ ከተከፈተ በኋላ የሚሆነው ከዚያ የባሰ ነበር፤ ወደ እርሱ ከመድረሳችን በፊት ግን ወጥ ቤቱን ማየት ያስፈልጋል።

የምሳ ዕቃ ሥራ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ገደማ ይጀምራል። ቡታጋዝ ይለኮሳል፤ መጀመሪያ ሻይ ይጣድበታል፣ ሻዩ ሲወርድ ድስቱ ይተካል። ለምሳ ዕቃ ከሚሠሩት ምግቦች ሁሉ የተለመደው ፍርፍር ነው። ቀይ ሽንኩርት በደቃቁ ተከትፎ ይቁላላል፤ ዘይት ይገባል፤ በርበሬው ሲጨመር እንዳያር ውኃ ጠብ ጠብ ይደረግበታል። ቲማቲም ካለ ይከተፍበታል፣ ነጭ ሽንኩርትና ጨው ይከተላል፣ መጨረሻ ላይ የትናንት ወይም የትናንት ወዲያ እንጀራ ተቆራርሶ ይገባል። የትኩስ እንጀራ ፍርፍር ቶሎ ስለሚላቁጥ አይመረጥም፤ ትንሽ ደረቅ ያለው እንጀራ ቁሌቱን መጥጦ ቅርጹን ይይዛል። የቁርስ ፍርፍር መረቅ ቢኖረው ይወደዳል። የምሳ ዕቃው ግን መረቁ እስኪመጠጥ እሳት ላይ ይቆያል፤ ምክንያቱም አምስት ሰዓት መረቅ ውስጥ የቆየ እንጀራ ሊጥ ይሆናል፣ መረቁም ክዳኑን አልፎ ደብተር ላይ ይፈስሳል። በጋዜጣ የተለበጠ የሒሳብ ደብተር ጠርዙ በዘይት ወዝቶ፣ ገጹ የበርበሬ ቀለም ይዞ ያልተመለሰበት ተማሪ ጥቂት ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ልምድ ያላት እናት ብቻ ታደርገው ነበር። ፍርፍሩን ከድስቱ በቀጥታ ወደ ምሳ ዕቃው አትገለብጥም። ሰፋ ባለ ሳህን ላይ ዘርግታ ልጁን እስክታለብስና ፀጉሩን እስክታበጥር ትተወዋለች። በትኩሱ የተከደነ ምግብ ያልበዋል፤ ላቡ ከክዳኑ እየተንጠባጠበ ተመልሶ ምግቡ ላይ ይወርዳል፤ እርጥበትና ለብታ ደግሞ ምግብ ቶሎ እንዲበላሽ የሚያደርጉ ዋነኞቹ ነገሮች ናቸው። ሲበርድ ይታሸጋል። «ክዳኑን ወደ ላይ አድርገህ ያዘው፣ እንዳታዘነብለው፣ ባዶውን ይዘህ ና» የሚለው ትእዛዝ በየማለዳው በየበሩ ይሰማ ነበር።

ከፍርፍር ቀጥሎ ብዙ ነገር ነበር። በሽሮ ወይም በምስር ወጥ የተፈተፈተ እንጀራ፣ ስልስ ተቀብቶ የተጠቀለለ እንጀራ፣ ድንችና ካሮት በአልጫ፣ ጎመን፣ ቂንጬ፣ ሩዝ በአትክልት፣ ፓስታና መኮሮኒ በስጎ፣ እንቁላል በዳቦ። ከገና ወይም ከፋሲካ በኋላ ባሉት ቀናት የበዓሉ ወጥ ይመጣል፤ የዶሮ ወጥ እንቁላል ለአራት የሚከፈለው ያን ጊዜ ነው። ቋንጣ ፍርፍር ብርቅ ነበር። የረፋዱ እረፍት ላይ የሚበላው ደግሞ ለብቻው በወረቀት ይጠቀለላል፦ የተቆላ ሽምብራና ስንዴ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ኦቾሎኒ፣ ወይም የድፎ ዳቦ ቁራሽ። የልጁ ኪስ ቆሎ ከያዘ በአሥር ደቂቃ እረፍት ውስጥ ሩጫውንም መብላቱንም አንድ ላይ ይጨርሳል።

ጾም የምሳ ዕቃውን ሳምንት ይከፍለዋል። ረቡዕና ዓርብ እንቁላሉ፣ ቅቤው፣ ሥጋው ይቀራል፤ ሽሮ፣ ምስር፣ ድንች፣ ስልስና ጎመን ይገባል። ልጅ በሰባት ዓመቱ ጾም እንዲለምድ የሚያደርጉ ቤቶች ብዙ ነበሩ፤ ያልጀመረውም ቢሆን ቤቱ የሚሠራው የጾም ስለሆነ ከዚያው ይወጣለታል። ከኅዳር አጋማሽ እስከ ገና ጾመ ነቢያት፣ ከየካቲት ወዲያ ደግሞ 55 ቀን የሚቆየው ዐቢይ ጾም ሁለቱም በትምህርት ጊዜ ላይ ይውላሉ። ልጆች ይበልጥ የሚወዱት የፍልሰታ ጾም ግን በክረምት ስለሚውል ምሳ ዕቃን አይነካም። ከፋሲካ በኋላ ያሉት ሃምሳ ቀናት ረቡዕና ዓርብ ስለማይጾምባቸው በሳምንቱ ሁሉ እንቁላል ሊገባ ይችላል። በረመዳን የሙስሊም ተማሪዎች ምሳ ዕቃ ቤት ይቀራል፤ ትልልቆቹ በምሳ ሰዓት ጥላ ሥር ተቀምጠው ይቆያሉ፣ ክርስቲያን ጓደኞቻቸውም ራቅ ብለው ለመብላት ይሞክሩ ነበር። ይህን የሚያስተምር መጽሐፍ አልነበረም፤ ልጆቹ ከቤታቸው ያመጡት ጨዋነት ነው።

የምሳ ደወል ስድስት ሰዓት ላይ ይደወላል። በብዙ ትምህርት ቤት ደወሉ ዛፍ ላይ የተንጠለጠለ የብረት ቁራጭ ነበር። እጅ መታጠቢያው ቧንቧ ጋ ሰልፍ አለ፤ ሰልፉን የማይወዱት እጃቸውን በሱሪያቸው ጠርገው ይመለሳሉ፤ አስተማሪ ካያቸው ግን መልሶ ይልካቸዋል። ዴስክ ከዴስክ ይገጠማል፤ አራትና አምስት ልጆች ክዳናቸውን ይከፍታሉ። «ዛሬ ምን ይዘሻል?» የሚለው ጥያቄ ከሰላምታ ይቀድማል። ከዚያ ሁሉም ከሁሉም ይበላል። አንዱ ከአንዱ ይጎርሳል፣ አንዱ ሌላውን ያጎርሳል፤ ክዳኑን ከልሎ ለብቻው የሚበላ ስስታም ተብሎ ስሙ ይወጣለታል፤ ስም ከወጣ ደግሞ እስከ ሰኔ አይነሣም።

ይህ አብሮ መብላት በፍቅሩ ብቻ ሲታወስ ይኖራል፤ ለጤና የሰጠው ጥቅም ግን እምብዛም አይነገርም። አንድ ቤት በአንድ ማለዳ የሚሠራው አንድ ዓይነት ምግብ ነው። አምስት ቤት ሲገጥም ጤፉ፣ ምስሩ፣ ካሮቱ፣ ጎመኑና እንቁላሉ አንድ ዴስክ ላይ ይገናኛሉ። የሥነ ምግብ ባለሙያዎች ለሕፃናት አጥብቀው የሚመክሩት የምግብ ስብጥር፣ ማንም ሳያቅደው፣ በጉርሻ ይሟላ ነበር። ቤቷ ለሁለት ሳምንት ከሽሮ ሌላ ያልሠራላት ልጅ ካሮት የምታገኘው ከጎኗ ከተቀመጠችው ልጅ ምሳ ዕቃ ነው።

አብሮ መብላቱ ሁሉንም እኩል አላደረገም። ምሳ ዕቃ ሲከፈት የኑሮ ልክ ይገለጣል፤ ልጆችም ምግብን በማዕረግ ደርድረውት ነበር። ከላይ እንቁላል በዳቦ፣ ፓስታ፣ ሩዝና ሥጋ ያለበት ሁሉ፤ መካከል ላይ ፍርፍር፤ ከታች ሽሮ። ሽሮ የያዘ ልጅ ክዳኑን በግማሽ ከፍቶ፣ በክንዱ ከልሎ፣ አንገቱን ደፍቶ ይበላ ነበር። አንዳንዱ «ሆዴን አሞኛል» ብሎ ሳይከፍተው ይውላል፤ ማታ ሲመለስም ከቤቱ በር ሳይደርስ ለውሻ ይደፋዋል። እናት ደግሞ ባዶውን ዕቃ አይታ ልጇ ጠግቦ የዋለ ይመስላታል። ነገሩ ሲገባት ከአስቤዛው ቀንሳ ፓስታ ትገዛለች፤ ሽሮው በቤት ይበላል፣ ፓስታው ለሰው ዓይን ወደ ትምህርት ቤት ይሄዳል።

የሚያሳዝነው የልጆቹ ማዕረግ ከምግቡ ጥቅም ጋር ተገለባብጦ መቆየቱ ነው። ሽሮ ከሽምብራ፣ ከአተር ወይም ከባቄላ ከቅመም ጋር የሚፈጭ ነው። ደረቅ ሽምብራ ከ100 ግራሙ 20 ግራም ያህሉ ፕሮቲን ነው። ተቀቅሎ ሲለካ 100 ግራም ምስር 9 ግራም ያህል ፕሮቲን ሲሰጥ፣ ያንኑ ያህል የተቀቀለ ፓስታ 5 ግራም ገደማ ይሰጣል፤ በብረት ማዕድንም ምስሩ ፓስታውን ብዙ እጥፍ ይበልጠዋል። እህል ብቻውን ላይሲን የሚባለው የፕሮቲን ክፍል ያንሰዋል፤ ጥራጥሬ ደግሞ ላይሲን ሞልቶታል። እንጀራና ሽሮ አንድ ላይ ሲበሉ የአንዱን ጉድለት ሌላው ይሞላል፤ ልጅ ለማደግ የሚያስፈልገውን ፕሮቲን ያለ ሥጋም በዚያ መንገድ ያገኛል። ጤፍ በካልሲየም ከስንዴ እጅግ ይበልጣል። ሊጡ ሁለትና ሦስት ቀን ሲቦካ ደግሞ ማዕድናቱን አስሮ የሚይዘው ፋይቴት የተባለ ነገር ስለሚቀንስ፣ ሰውነት ብረቱንና ዚንኩን ይበልጥ ያገኛል። አብሲት የጣለች እናት ይህን በስሙ ባታውቀውም በሥራዋ ታደርገው ነበር። ያ በክንድ ተከልሎ የተበላው ሽሮ ፍትፍት፣ በክፍሉ ውስጥ ከነበሩት ምሳዎች ሁሉ ከደህናዎቹ አንዱ ነበር።

የጎደለው ነገር አልነበረም ማለት ግን አይደለም። ትልቁ ጉድለት ፍራፍሬና ጥሬ አትክልት ነበር። ከእህልና ከጥራጥሬ የሚገኘውን ብረት ሰውነት በደንብ የሚወስደው በዚያው ማዕድ ላይ ቪታሚን ሲ ሲኖር ነው። ይህ ቪታሚን በሙቀት ይጠፋል፤ ስለዚህ በንጋት የተቁላላ ቲማቲም ከፊሉን አጥቷል። ጥሬ ቲማቲም፣ የተሰነጠቀ ቃሪያ፣ ግማሽ ብርቱካን ወይም አንድ ዘይቱን (ጓቫ) ጉድለቱን ይሞላሉ። ዘይቱን በቪታሚን ሲ ከብርቱካን እጅግ ይበልጣል፤ በየጓሮው ስለሚበቅልም የሚከበር ምግብ ሆኖ አያውቅም፤ ልጆች ከዛፉ ላይ ለጨዋታ ይለቅሙታል እንጂ ምሳ ዕቃ ውስጥ አይገባም ነበር። ሻይ ደግሞ በተቃራኒው ይሠራል። ከምሳ ጋር የተጠጣ ሻይ ብረቱ ወደ ደም እንዳይገባ ስለሚያግድ፣ ኮዳውን በጣፋጭ ሻይ ሞልቶ የሚልክ ቤት ለልጁ አስቦ የምሳውን ጥቅም ይቀንስ ነበር። ውኃ ይበልጣል፤ ሻዩም ከፈለጉት ከምሳው ሰዓት ራቅ ብሎ ቢጠጣ ይሻላል።

የምግብ ዘይቱም መታሰብ አለበት። የኑግና የሰሊጥ ዘይት ከየመጭመቂያው ተገዝቶ የሚሠራበት ጊዜ ነበር። በኋላ በርካሽ የገባው ፓልም፣ ሰው የሚረጋ ዘይት የሚለው፣ የብዙ ቤት ዘይት ሆነ። ግማሽ ያህሉ የሚረጋ ቅባት ስለሆነ በአዲስ አበባ ብርድ ምሳ ዕቃው ውስጥ ይረጋል፤ በምሳ ሰዓት ክዳኑ ሲከፈት ፓስታው ላይ ነጭ ሆኖ ተጋግሮ፣ ማንኪያ ሲነካው እየተፈረፈረ ይታያል። እንዲህ ያለው ቅባት ሲበዛ ለልብ አይበጅም፤ ለምሳ ዕቃ ደግሞ ጣዕሙንም ያበላሻል። የዘይቱን መጠን መቀነስና ሳይረጋ የሚቆየውን መምረጥ በሁለቱም በኩል ይጠቅማል።

ምሳ ዕቃ ከተዘጋጀበት እስከሚበላበት ያለው ጊዜ ሌላው የጤና ጉዳይ ነው። የምግብ ደኅንነት ባለሙያዎች የበሰለ ምግብ በክፍል ሙቀት ከሁለት ሰዓት በላይ እንዳይቆይ ይመክራሉ፤ የአዲስ አበባ ምሳ ዕቃ ግን አምስትና ስድስት ሰዓት ይቆያል። ያም ሆኖ ምሳ ዕቃው ብዙ ልጅ ያላሳመመው ምግቡ በራሱ ጠባይ ስለሚከላከል ነው። እንጀራ ኮምጣጣ ነው፤ የምሳ ዕቃ ፍርፍር ደረቅ ነው፤ ጨውና ቅመሙም ያግዛል። ሩዝ እንዲህ አይደለም። የሩዝ ተህዋሲ ዘር ሙቀት ስለማይገድለው፣ ለብ ባለ ዕቃ ውስጥ ሲቆይ ይራባና ትውከትና ተቅማጥ ያመጣል። ሩዝ ሲላክ ጠዋት ተቀቅሎ ቶሎ የበረደ መሆን አለበት፤ የማታው ሩዝ አድሮ መላክ የለበትም። አይብና ወተት ያለበት ነገር ለምሳ ዕቃ አይሆንም። እንቁላል ከነቅርፊቱ ተቀቅሎ ቢሄድ ተልጦ ከሄደው ይሻላል። ዕቃውም ማታውኑ በሙቅ ውኃና በሳሙና መታጠብ፣ በተለይ የክዳኑ ጎማ ከስሩ ወጥቶ መፈተግ አለበት፤ የፕላስቲክ ምሳ ዕቃ የሚሸተው ብዙውን ጊዜ ከዚያ ነው።

ከ1990ዎቹ ወዲህ የምሳ ዕቃው ውስጥ እየተለወጠ መጣ። ምክንያቱ የእናቶች ቸልተኝነት ተደርጎ ሲነገር ይሰማል፤ ፍርዱ ልክ አይደለም። የጎደለው ጊዜ ነው። ከተማዋ ሰፋች፤ ቤተሰብ ጀሞ፣ የካ አባዶ፣ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ገባ፤ ትምህርት ቤቱ ግን መሀል ከተማ ቀረ። ሰርቪሱ ልጁን ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ ከበር ስለሚወስድ፣ ምሳ ዕቃው ሌሊት 10 ሰዓት ተነሥቶ ካልተሠራ ማታ ይሠራል። እናት ወደ ሥራ ትሮጣለች፤ አባት ምሳ ዕቃ መሥራት የእርሱም ሥራ እንደሆነ በብዙ ቤት ገና አልተቀበለውም። በዚህ መሀል የታሸገ ብስኩት፣ የካርቶን ጁስ፣ ቺፕስና ኬክ ገቡ። አይሠሩም፣ አይፈስሱም፣ ልጁም አያፍርባቸውም። ብስኩቱና ጁሱ የሚሰጡት ግን በብዛት ስኳርና ነጭ ዱቄት ነው፤ የልጁም ጥርስ ይበሰብሳል። ጁስ የሚል ጽሑፍ የያዘው ካርቶን አብዛኛውን ጊዜ ጥቂት ፍራፍሬ ያለበት የስኳር ውኃ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ሰው በቀን ከሚያገኘው ኃይል ውስጥ ከተጨመረ ስኳርና ከጭማቂ የሚመጣው ከ10 በመቶ በታች እንዲሆን ይመክራል፤ አንድ ብስኩትና አንድ ጁስ ለትንሽ ልጅ ከዚያ ብዙውን ይይዛሉ።

አንዳንድ የግል ትምህርት ቤቶች ከረሜላ፣ ቺፕስና ለስላሳ ወደ ግቢ እንዳይገባ ከልክለዋል፤ የሳምንቱን ምሳ ዝርዝር ጽፈው ለወላጅ የሚሰጡም አሉ። ዝርዝሩ ሁሉም ልጅ ሰኞ ሽሮ፣ ማክሰኞ ፓስታ እንዲይዝ ስለሚያደርግ፣ ከጤናው ሌላ የክዳኑን እፍረትም ያስቀራል። ይህ በጎ ሥራ ነው። ጉድለቱ በአንዳንዱ ዝርዝር ላይ ከአምስት ቀን ሦስቱ ፓስታ፣ ሩዝና በርገር መሆናቸው ነው፤ ምስርና ጎመን የሚመጡት ጾም ሲመጣ ብቻ ነው።

ስለ ምሳ ዕቃ ሲወራ ምሳ ዕቃ ያልነበራቸው ልጆች ከወሬው ይወድቃሉ። በሙሉ ቀን ትምህርት ቤት ውስጥ ደወሉ ሲደወል ወደ ሜዳ የሚወጡ፣ ቧንቧ ላይ ውኃ የሚጠጡ፣ ሲጠሩ «በልቻለሁ» የሚሉ ነበሩ። የሚያውቃቸው ጓደኛ አስገድዶ ያጎርሳቸዋል፤ ካልሆነም ዙሪያውን ሲዞሩ ሰዓቱ ያልቃል። ፈረቃው ቀርቶ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ወደ ሙሉ ቀን ሲዞሩ ምሳ የሌላቸው ልጆች ቁጥር ጨመረ። በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች በረሃብ ምክንያት ክፍል ውስጥ ራሳቸውን ስተው የሚወድቁ ተማሪዎች መኖራቸው በየጊዜው ይነገር ነበር፤ መጀመሪያ በጎ አድራጊዎች፣ መምህራንም ከደመወዛቸው እያዋጡ፣ ጥቂቶቹን ይመግቡ ጀመር። በገጠር የዓለም ምግብ ፕሮግራም የትምህርት ቤት ምገባን እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ ሲያካሂድ ቆይቷል፤ ዋና ምግቡም ከውኃ ጋር የሚፈላ ገንፎ መሰል የተመጣጠነ ዱቄት ነበር።

በ2012 የትምህርት ዘመን የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ምገባውን በራሱ በጀት ይዞ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ጀመረ፤ በዚያው ዓመት ከ300,000 በላይ ልጆች ቁርስና ምሳ ያገኙ ጀመር፤ ከዚያ ወዲህም ቁጥሩ እጅግ ጨምሯል። ምግቡን የሚሠሩት በየሰፈሩ የተደራጁ፣ መጋቢ እናቶች የሚባሉት ሴቶች ናቸው። ሥራው ለእነርሱም ገቢ ሆኗል። ድስቱ ትልቅ ነው፣ እንጀራው በብዛት ይገዛል ወይም ይጋገራል፤ ከሚቀርቡት ምግቦች ሽሮ፣ ምስር፣ ፓስታ፣ ሩዝና ዳቦ በሻይ ይገኙበታል። የሁሉም ልጅ ሳህን አንድ ዓይነት ስለሆነ ሽሮ እዚያ ማዕረግ አይለይም። ትምህርት ቤት መቅረት ቀነሰ፣ ልጆችም ጠዋት ቀድመው ይመጣሉ፤ ይህን መምህራን ይመሰክራሉ። አትክልትና ፍራፍሬ ግን እዚህም እንደ ምሳ ዕቃው ዘመን አነስተኛ ነው፤ በዋጋቸው ምክንያት ከድስቱ ውጭ ይቀራሉ። በየትምህርት ቤቱ ግቢ የተጀመረው የጎመን፣ የካሮትና የቆስጣ ልማት ለዚህ ጥሩ መፍትሔ ነው። ጎመኑ ለልጆቹ ቪታሚን ኤ ይሰጣል፤ ቪታሚን ኤ የሚያንሰው ልጅ ማታ ማታ ዓይኑ ይፈዝዛል፣ ሰው ዳፍንት የሚለው ሕመም ይይዘዋል። በጥቂት መደብ የሚበቅል ጎመን ያንን ይከላከላል።

ምሳ ዕቃ ዛሬም በየማለዳው እየተሞላ ነው። የሚያዘጋጀው እናት፣ አባት፣ አያት ወይም የቤት ሠራተኛ ሊሆን ይችላል፤ ለማንኛቸውም የሚሆነው ምክር ውድ ነገር አይጠይቅም። ሽሮው ወይም ምስሩ በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ይግባ፤ እንጀራው ቢያንስ ከጤፍ የተቀላቀለ ይሁን፤ ምግቡ በርዶ ይታሸግ፤ ከአጠገቡ አንድ ዘይቱን፣ ግማሽ ብርቱካን ወይም ጥሬ ቲማቲም ይቀመጥ፤ ኮዳው ውኃ ይያዝ። የእረፍቱ ብስኩት በእፍኝ ቆሎ ይተካ። ልጁም ሽሮ መያዙን እንዳያፍርበት፣ ቤቱ ራሱ ሽሮን በኩራት ያቅርብ፤ ለእንግዳ ሲሆን የሚደበቅ ምግብ ልጅ ትምህርት ቤት ወስዶ አይከፍተውም።